ያልተሰናዳች ስንዱ

ስሜን ስንዱ ያለው አባቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረው፣
ያልተሰናዳሁ መሆኔን ማን በነገረው።

ሮተርዳም፣ ካተንድሬክት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ከወንዙ ማዶ መርከብ ሲጮኽ፣ ቀኑ ሳይታወቅ፣
አንዲት ጠረጴዛ አለችኝ፣ እግሯ የሚነቃነቅ፤
በስተግራ ቆዳ፣ መርፌ፣ የአንቀልባ ጠፍር፣
በስተቀኝ ኮምፒውተር፣ የሰው ወረቀት ክምር፣
መሐሉ ላይ የሠርግ ካርድ፣ ወርቃማ ዳር ዳር፣
ከሥሩ ደግሞ ካርቶን፣ ፕላስተር፣ የእኔ እግር።
ሦስት ሥራ፣ ሦስት ሱቅ፣ ሦስት የይለፍ ቃል፣
አንዱን ስከፍተው ሌላው ይዘጋል።

ለደች እናቶች አንቀልባ እሸጣለሁ፤
«በስንት ዲግሪ ይታጠባል?» ይሉኛል።
ቆዳ እንደማይታጠብ ጽፌያለሁ፣ በትልቁ፣ በቀይ፤
የሚያነብ የለም ወይ?

ለሐበሻው ደግሞ ወረቀት እተረጉማለሁ፦
የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺ፤ በገጽ አስከፍላለሁ።
ፍቺ ነው ሥራዬ በሁለቱም አፉ፣
የቃሉን ፍቺ ሳገኝ ትዳሮች ሲያልፉ።

ሌሊት ሌሊት ካርድ፦ ቀለበት፣ ርግብ፣ ሐረግ፤
ወፍራለች የተባለችውን ርግብ ቀጭን ማድረግ።

ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይላል የአገሬ ሰው፤
ያኔ ገበያው ሩቅ ነው፣ መንገዱም አድካሚ ነው።
አሁን ገበያው ራሱ ትራሴ ሥር ይነዝራል፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት «ትዕዛዝ ደርሶሻል» ይላል።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እሰማ ነበር፤
የኔ ድር ሲያብር ግን እኔኑ አሰረ ከወንበር።

ጥቅሉን የሚቀበለኝ ይልማዝ ነው፣ ትራም ማቆሚያው ጋ፤
አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል፣ በቃ፣ በሩን ዘጋ።
ዝናብ ብትሉት፣ ጎማ ተነፈሰ ብትሉት፣
ሻይ ይጋብዛችኋል እንጂ ጥቅል አይቀበላችሁም።

ባለፈው ሐሙስ ነው። የሩብ ዓመቱ ግብር ቀኑ ደርሶ፣
ደረሰኝ ስፈልግ ካርቶን በካርቶን ላይ ፈርሶ፣
ሁለት ፋይል ከፍቼ፣ ሁለት ደብዳቤ ጽፌ፣
ላክሁ፤ ተኛሁ፤ ከነጫማ፣ ከነመርፌ።

ጠዋት ሳየው፦ የሠርጉ ካርድ ለአንትወርፑ ልሳኑ፣
ፍቺው ለምንትዋብ፣ ለሙሽራዋ፣ ሊደርስ ቀኑ
ሦስት ሳምንት ለቀራት።

ስልኩን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ።
ጎረቤቴ ሃነከ ከውሻዋ ጋር አለፈች፤
«ሁሉ ደህና?» አለች።
ሁሉ ደህና አልኋት። ውሻው አላመነኝም።

ልሳኑ ቀድሞ ጻፈ፦
«እህቴ፣ የጠበቅሁት የፍርድ ቤት ወረቀት ነበር፤
የመጣው ጥሪ ነው፣ በሐረግ ያጌጠ ዳር ዳር።
ከተጠራሁ እመጣለሁ፤ ሱፉ እንደ ተሰቀለ አለ፣
ለብቻው ከርሟል።»

ምንትዋብ ከብራስልስ ደወለች፦
«አነበብሁት፤ ማንኪያ ሳይቀር ቆጥረው ነው የተካፈሉ።
ለእጮኛዬም አነበብሁለት። ዝም አለ።
ማታ ተነሥቶ ማንኪያችንን ቆጠረ፤ ስድስት ነው አለ።
ስድስት ማንኪያ ላለው ሰው ሁለት መቶ ካርድ ምን ይሠራል?
ሠላሳ አድርጊው። ርግቧም እንደ ወፈረች ትምጣ፤ ያምርባታል።»

ይቅርታ ጻፍሁ፤ የሰው ምስጢር ነውና ያፈሰስሁት፤
የልሳኑንም ገንዘብ ሳይጠይቀኝ መለስሁት።
ከሁለት መቶ ሠላሳ፦ ጉድለቱን በጣቴ ቆጠርሁ፣
የግብሩ ፎርም ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚለው ሥር አሰፈርሁ።

ሰው ይመክረኛል፦ አንዱን ያዢ፣ ሁለቱን ልቀቂ።
የትኛውን? አንቀልባው የቤት ኪራይ ነው፣
ትርጉሙ መብራትና ውኃ፤
ካርዱ… ካርዱ ደስ ስለሚለኝ ነው።
ይህን አልነግራቸውም።

አሁን ዐሥራ አንድ ተኩል ሆኗል። ዝናብ።
ለኡትሬክት የሚሄደው አንቀልባ አንድ ማሰሪያ ቀርቶት፣
ሰፋሁት፤ ጥንካሬውን ልፈትን
እንደ ልማዴ ጀርባዬ ላይ አሰርሁት፣ ባዶውን፤
ልጅ የሚያክል አየር አዝዬ መስኮቱ ጋ ቆምሁ።
አንቀልባ ሻጯን ደግሞ ማን ይዘላት
ብዬ ልጠይቅ ስል፣ ሰዓቱን አየሁ።
ይልማዝ ይኸኔ የብረት መዝጊያውን ይስባል።
አባቴ፣
የብስክሌቴ ቁልፍ የትኛው ካርቶን ውስጥ ነው?